ጥጃ ይከተብ ወይስ ይቆይ?

ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም በቡይት ራስ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች በሚዘልቀው ደጋ የአንድ ገበሬ ከብት አብዛኛውን ጊዜ በጣት ይቆጠራል፤ አንድ ጥማድ በሬ፣ አንድ ሁለት ላም፣ አንድ ጊደር፣ ከላሟ ሥር የማይጠፋ ጥጃ። ከመካከላቸው ዛሬ ገበያ ቢወጣ ትንሹን ዋጋ የሚያወጣው ጥጃው ነው። ይሁን እንጂ ወንድ ከሆነ ያረጀውን በሬ፣ ሴት ከሆነች ያረጀችውን ላም የሚተካው እሱ ነው። ኪሳራውም በዚህ አያበቃም፤ የአበሻ ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተቷን እንደ ልብ ስለማትለቅ፣ ጥጃው ሲሞት የቤቱ ወተትም አብሮ ይነጥፋል። ብዙ ከብት ላለው ሰው የአንድ ጥጃ ሞት ከብዙው አንዱን ማጣት ነው፤ ሁለት ላም ላለው ግን የዓመቱ ውልድ ግማሽ ነው።

ጥጃን ማስከተብ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣው በጅምላ ሲቀርብ ነው። እያንዳንዱ ክትባት የሚከላከለው ለተሠራለት በሽታ ብቻ ነው፤ ለአባ ጎርባ የተከተበ ጥጃ በአባ ሰንጋ ሊሞት ይችላል። አንዳንዱ በሽታ ከአፈር ይነሳል፣ አንዳንዱ ከጎረቤት ከብት ይሻገራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ክትባት የማይመክተው ነው። ስለዚህ ውሳኔው በሽታዎቹን በሚመጡበት መንገድ ለይቶ፣ ከዚያም የጥጃውን ዕድሜና የወሩን ጠባይ አይቶ የሚሰጥ ነው።

ከአፈር የሚነሱት

ጥጃና ወይፈን ላይ ከሚበረቱት በሽታዎች ቀዳሚው አባ ጎርባ ነው። የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ሾቮይ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት መቆየት ይችላል። ከብቱ ከሣር ጋር ይውጠዋል፤ ባክቴሪያው በሥጋ ውስጥ አድፍጦ ይቆይና አመቺ ጊዜ ሲያገኝ ይራባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለውን፣ ያውም ጥሩ የበላውንና ፈጥኖ የሚያድገውን ነው። በዚህ የተነሳ «ጥጃዬ ወፍራም ነው፣ ምን ይነካዋል» የሚለው አስተሳሰብ ለአባ ጎርባ አይሠራም።

ምልክቱ ማነከስ ነው። ጭኑ ወይም ትከሻው ያብጣል፤ እብጠቱ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያመዋል፤ ኋላ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ስሜቱም ይጠፋል። በእጅ ሲጫኑት ከቆዳው ሥር በተጠራቀመው አየር ምክንያት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በቀን ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥጃው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ፔኒሲሊን ገና ሲጀምር ከተሰጠ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ማታ ደህና የገባ ጥጃ ጠዋት ሞቶ በሚገኝበት ሁኔታ ሕክምና የሚደርስበት አጋጣሚ ጠባብ ነው። ትርፉ ያለው አስቀድሞ በመከላከል ላይ ነው።

ሁለተኛው አባ ሰንጋ ነው። ባሲለስ አንትራሲስ የተባለው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከብት በድንገት ይወድቃል፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። በአማራ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል፣ በተለይ በዋግ ኽምራ ዞን፣ በሽታው ሰዎችን መያዙ በተለያዩ ጊዜያት ተመዝግቧል። ወደ ሰው የሚሻገረው ሬሳው ሲገፈፍ፣ ሥጋው ሲበለትና ሲበላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልማድ አደጋውን ያብሰዋል። ሳይታረድ የሞተ ከብት በክት ስለሆነ አይበላም፤ ስለዚህ ከብቱ ሊሞት ሲያጣጥር ቢላ ለማድረስ ይሮጣሉ። ለነፍስ የተያዘው ከብት የታመመው በአባ ሰንጋ ከሆነ ግን፣ ያ ቢላ በሽታውን ወደ ቤተሰቡና ወደ መስኩ የሚያስገባ በር ይከፍታል። ደሙ አየር ሲያገኝ ባክቴሪያው ጠንካራውን ሽፋን ይለብስና አፈሩን ለሚቀጥለው ትውልድ ከብት መርዞ ያቆየዋል። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ሬሳ አይከፈትም፤ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

ሁለቱ በሽታዎች ለውሳኔው ወሳኝ የሆነ የጋራ ጠባይ አላቸው። ምንጫቸው አፈር ስለሆነ ከብትን ከጎረቤት ከብት ለይቶ ማሰማራት አያድንም፤ የመንጋው ማነስም አይከላከልም። አንድ ጥጃ ያለው ሰውና መቶ ጥጃ ያለው ሰው እኩል ይጋለጣሉ። በሌላ በኩል የአንዱ ገበሬ ክትባት ጎረቤቱ ባይከተብም የራሱን ከብት ይጠብቃል። ክትባቶቹም ቆየት ያሉና የተፈተኑ ናቸው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1881 ፈረንሳይ ውስጥ ፑዪ ለ ፎር በተባለ መንደር በሕዝብ ፊት የአባ ሰንጋን ክትባት ሲፈትን፣ የተከተቡት በጎች ሲተርፉ ያልተከተቡት አለቁ። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት ግን ማክስ ስተርን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ያዘጋጀው፣ የበለጠ አስተማማኝ የሆነው ዝርያ ነው። በአገር ቤት ሁለቱንም ክትባቶች የሚያመርተው እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ነው። የመከላከል ኃይላቸው ለአንድ ዓመት ገደማ የሚቆይ በመሆኑ በየዓመቱ ይደገማሉ። አባ ጎርባ ወይም አባ ሰንጋ በታየበት ቀበሌ እነዚህን ክትባቶች ለመተው የሚያበቃ ምክንያት ማግኘት ይከብዳል።

ከከብት ወደ ከብት የሚሻገሩት

ጎሮርሳ፣ ጉርብርብ፣ አፍተግርና የከብት ሳምባ በሽታ ስሌታቸው ሌላ ነው። የሚመጡት ከሌላ ከብት፣ ከገበያ፣ ከጋራ ግጦሽና ከጋራ ውኃ ነው። ስለዚህ የአንዱ ክትባት ዋጋ ጎረቤቱ በሚያደርገው ይወሰናል።

ጎሮርሳ ከብት ሲደክም የሚበረታ በሽታ ነው። ባክቴሪያው ጤነኛ በሚመስል ከብት ጉሮሮ ውስጥም ሊኖር ይችላል፤ ረጅም መንገድ፣ የመኖ እጥረትና የመጀመሪያው ዝናብ ሲደራረቡበት ይነሳል። ትኩሳት፣ የጉሮሮና የአንገት ሥር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ክትባቱ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይሰጣል። በበጋው መጨረሻ መኖ አልቆ ከብቱ ከስቶ ክረምቱን በሚቀበልበት በዚህ ደጋ ክትባቱ ከአፈር በሽታዎቹ ቀጥሎ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ጉርብርብ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ነው። ቫይረሱን ደም የሚመጥጡ ዝንቦችና ትንኞች ያዛምቱታል፤ ቆዳው በሙሉ በእባጭ ይሞላል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ወተት ይቀንሳል፣ ቆዳው ለገበያ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት በሽታው ከደጋውም ከቆላውም ይልቅ በወይና ደጋ እንደሚበዛ፣ የጋራ ግጦሽና ውኃ እንዲሁም አዲስ ከብት ወደ መንጋ ማስገባት አደጋውን እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ለስሜን ግርጌ ይህ ትርጉም አለው። በቡይት ራስ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ብርዱ ነፍሳቱን ይቀንሳቸዋል፤ ወደ ዝቅተኛው የዳባት ሜዳ ወይም ከሊማሊሞ ቁልቁል በተወረደ ቁጥር ግን ሁኔታው ይለወጣል። ከቆላ የተገዛ ጊደር ወደ ደጋ ከገባ በሽታውን ይዞ ሊገባ ይችላል። የከብቱ ዘርም ልዩነት ያመጣል። የስሜንና የወገራ የአበሻ ከብቶች በአንጻራዊነት ይቋቋሙታል፤ በደባርቅና በዳባት ከተሞች ለወተት የሚረቡት ከፈረንጅ ዘር ጋር የተዳቀሉት ግን ይበልጥ ይጎዳሉ። ስለዚህ ለተዳቀለ ጥጃ የጉርብርብ ክትባት ለአበሻው ጥጃ ከሚሆነው በላይ አስፈላጊ ነው። ይህም ሆኖ በኢትዮጵያ የተደረጉ ፍተሻዎች ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የነበረው፣ ከበግና ፍየል ፈንጣጣ ዝርያ የተሠራው የጉርብርብ ክትባት በቂ ጥበቃ እንደማይሰጥ ስላሳዩ፣ የሚሰጠው ክትባት ከየትኛው ዝርያ እንደተሠራ የእንስሳት ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አፍተግር ትልልቁን ከብት እምብዛም አይገድልም፤ አፉና ሰኮናው ቆስሎ በእርሻ ወቅት በሬውን ያስተኛል። ጥጃን ግን ልቡን አጥቅቶ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊጥለው ይችላል። በአገሪቱ ከአንድ በላይ የቫይረሱ ዓይነቶች ስላሉ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ለሌላው አይሆንም፤ ደጋግሞ መስጠትም ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ለወተት ማዕከላትና ለሚደልቡ ከብቶች እንጂ ለሁለት ሦስት የአበሻ ጥጃ ወጪው ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የሳምባ በሽታ ክትባት ደግሞ በሽታው ባለበት ወይም በሚያሰጋበት አካባቢ መንግሥት በዘመቻ የሚሰጠው እንጂ አንድ ገበሬ በግሉ የሚወስንበት አይደለም።

የጋራ ክትባት ምን እንደሚሠራ ለማየት የደስታ በሽታን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምፅዋ በኩል ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባው ይህ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ አልቆ እርሻ ቆመ፣ «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወሰው ረኃብም ተከተለ። ዋልተር ፕላውራይት እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በኬንያ ያዘጋጀው ክትባት አንድ ጊዜ ሲሰጥ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነበር። መንደር በመንደር፣ አገር ባገር በተደረገ ዘመቻ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ፤ ግንቦት 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም በሙሉ ነፃ መሆኑ ታወጀ። ውጤቱን ያመጣው የሁሉም ከብት መከተብ ነው። በተላላፊ በሽታ ጊዜ አንድ ቀበሌ በሙሉ ሲከተብና ሦስት ቤት ብቻ ሲከተብ የሚገኘው ጥቅም የማይገናኝ ነው።

ክትባት የማይደርስባቸው

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥጃን በብዛት የሚገድሉት ተቅማጥና የሳንባ ምች ናቸው። የሚመጡት ከቆሻሻ ጋጣ፣ ከብርድ፣ ከረኃብና እንገር በወቅቱ ካለማግኘት ነው። በስሜን ከፍታ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ እርጥብ ወለል ላይ የሚያድር እንቦሳ ምንም ዓይነት ክትባት ቢሰጠው አይድንም።

እንገር የመጀመሪያው ክትባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከእናቱ የሚያገኘው በእንገር ነው። አንጀቱ ይህን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ አቅሙ በየሰዓቱ እየቀነሰ ሄዶ በአንድ ቀን ውስጥ ይዘጋል። በመጀመሪያው ቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን የአበሻ ጥጃ 2 ሊትር ገደማ፣ ከዚህም ውስጥ አብዛኛውን በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ቢጠባ መልካም ነው። ለቤት የሚታለበው እንገር ከዚህ በኋላ የተረፈው ቢሆን ይመረጣል። ላሟ ራሷ የተከተበች ከሆነች ደግሞ በእንገሯ የምታስተላልፈው ጥበቃ ይበረታል፤ ጥጃን መጠበቅ የሚጀመረው እናቱን በማስከተብ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜና ወር

ይኸው ከእናት የተገኘ ጥበቃ ሌላ ገጽ አለው። በጥጃው ደም ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሊያከሽፈው ይችላል። ቀስ በቀስ የሚጠፋው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በጣም ጨቅላ ጥጃን መከተብ ክትባት ማባከን ሊሆን ይችላል፤ እጅግ ማዘግየት ደግሞ አባ ጎርባ በሚበረታበት ዕድሜ ያለ ጥበቃ መተው ነው። የተለመደው መካከለኛ መንገድ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መጀመር፣ ቀደም ብሎ የተከተበውን ደግሞ መድገም ነው። ለአባ ጎርባ የመጀመሪያው ክትባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ቢደገም ጥበቃው ይጠነክራል።

ወሩን የሚወስነው ክረምት ነው። ክትባት ሥራውን ለመጀመር ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በሽታዎቹ ደግሞ ከዝናቡ ጋር ይነሳሉ። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። በዚህ ደጋ ላሞች ሣር በሚጠግቡበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለሚጠቁ ብዙ ጥጃ የሚወለደው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ በክትባቱ ወርም ለመከተብ ዕድሜው የደረሰ ይሆናል።

ሦስት ጥጃ ያለው ቤት ይታሰብ። ዘመቻው የተያዘው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። አንዱ ጥጃ ሐምሌ ላይ የተወለደ በመሆኑ 10 ወር ሊሆነው ነው፤ አባ ጎርባ በሚፈልገው ዕድሜ ላይ ስላለ ሳያመነቱ ይከተባል። ሁለተኛው ጥር መጀመሪያ ላይ የተወለደ የ4 ወር ነው፤ ይከተባል፣ ከአንድ ወር በኋላም ሊደገምለት ይገባል። ሦስተኛው ሚያዝያ ላይ የተወለደ የአንድ ወር እንቦሳ ነው፤ እሱ ይቆይና እናቱ ትከተባለች፤ የእሱ ተራ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይደርሳል። አንድ መንጋ፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ልዩ ልዩ ውሳኔ ማለት ነው።

ብልቃጡና ብርዱ

ለትንሽ መንጋ ባለቤት ትልቁ እንቅፋት የክትባቱ ዋጋ ሳይሆን የብልቃጡ መጠን ነው። አንድ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ50 ወይም ለ100 ከብት የሚሆን ነው። በዱቄት መልክ የሚመጣው የጉርብርብ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይቀመጥም። ለሦስት ጥጃ ተብሎ የሚከፈት ብልቃጥ አይኖርም። ስለዚህ ገበሬው ከጎረቤቶቹ ጋር ተስማምቶ ከብቱን በአንድ ቀን አንድ ቦታ ማሰባሰብ፣ በቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ቀን ማስያዝ ይኖርበታል።

ሌላው ጉዳይ የክትባቱ አያያዝ ነው። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቅዝቃዜ መቆየት አለባቸው። ሙቀት እንደሚያበላሻቸው ብዙ ሰው ያውቃል፤ ውርጭ እንደሚያበላሻቸው ግን እምብዛም አይታሰብም። እንደ አባ ጎርባ ያሉ፣ ከተገደለ ባክቴሪያ የሚሠሩ ፈሳሽ ክትባቶች በረዶ ከሠሩ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ሲቀልጡ ግን መልካቸው እንደ ቀድሞው ሊመስል ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር በቡይት ራስ ከፍታ ሌሊቱ ውኃ በሚያረጋበት ጊዜ፣ የክትባት ሣጥን ደጅ ማሳደር በቆላ ፀሐይ ላይ ከማስቀመጥ አይሻልም። በረዶው ብልቃጡን በቀጥታ እንዳይነካውም በጨርቅ ወይም በወረቀት ይለያል።

መከተብ የሌለበት ጥጃ

የታመመ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ከረኃብ የተነሳ መቆም ያቃተው ጥጃ እስኪያገግም ይቆያል፤ የደከመ ሰውነት ለክትባቱ ተገቢውን ምላሽ አይሰጥም። የአባ ሰንጋ ክትባት ሕይወት ያለው በመሆኑ በዚያ ሰሞን ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን የተወጋ ጥጃ ቢከተብ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል፤ ቀድሞ የተሰጠ መርፌ ካለ ለባለሙያው መናገር ያስፈልጋል። የተከተበ ከብት ለእርድ ከመዋሉ በፊት የሚቆይበት ጊዜ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ነው።

ከክትባት በኋላ በተወጋበት ቦታ ትንሽ እብጠት፣ ለአንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና የወተት መቀነስ ሊታይ ይችላል፤ በራሱ ይጠፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ማጠር ወይም መውደቅ ከመጣ ግን አስቸኳይ እርዳታ ያሻዋል፤ ባለሙያው ከክትባቱ በኋላ ጥቂት ቢቆይ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በሽታ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክትባት ሌላ ችግር ያመጣል። በሽታውን አስቀድሞ የያዘ፣ ምልክቱ ግን ገና ያልታየበት ጥጃ ተከትቦም ሊሞት ይችላል፤ ሰውም «ክትባቱ ገደለብኝ» ይላል። መርፌ ሳይለወጥ ከከብት ወደ ከብት ከተዛወረም በሽታውን ራሱ መርፌው ሊያዳርስ ይችላል። ስለዚህ ወረርሽኝ በተነሳበት ቀበሌ የታመሙትን መለየትና ለየከብቱ ንጹሕ መርፌ መጠቀም ከክትባቱ እኩል ያስፈልጋል።

ሁሉም ሲጠቃለል ለዳባት፣ ለደባርቅና ለአካባቢው ትንሽ መንጋ የቅደም ተከተሉ ነገር ግልጽ ነው። እንገርና ደረቅ ጋጣ ለእያንዳንዱ ጥጃ የግድ ነው። የአባ ጎርባና የአባ ሰንጋ ክትባት ከ4 ወር ጀምሮ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይሰጣል፤ ጎሮርሳ ይከተላቸዋል። ጉርብርብ ለተዳቀለ ጥጃና በወይና ደጋ ለሚውል መንጋ ቅድሚያ ያገኛል፤ ቀበሌው በጋራ ሲከተብ ደግሞ ማንም ወደ ኋላ ባይቀር ይሻላል። አፍተግርና የሳምባ በሽታ ለባለሙያው ምክርና ለመንግሥት ዘመቻ ይተዋሉ። የትኛው ከብት፣ ለምን በሽታ፣ በየትኛው ቀን እንደተከተበ በልጅ ደብተር ላይም ቢሆን መጻፍ ያስፈልጋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ውሳኔ የሚመሠረተው በዚያ መዝገብ ላይ ነው።